የሐበሻ ዶሮ ለሥጋ፦ ዋናው ነገር የመጀመሪያው ስምንት ሳምንት ነው

የዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ ለብቻው ሁለት ሦስት ሰዓት ይቁላላል፤ ሥጋው ከገባ በኋላም ገና ብዙ ይንተከተካል። በስድስት ሳምንት ሁለት ኪሎ የሞላ የፈረንጅ ዶሮ ይህን እሳት አይችለውም። ጭኑ ከአጥንቱ ይላቀቃል፣ ፈረሰኛው ይበጣጠሳል። ስድስት ሰባት ወር ሲጭር፣ ሲሮጥ፣ ቆጥ ላይ ሲወጣ የኖረ የሐበሻ ዶሮ ግን አሥራ ሁለቱም ብልት ቅርጹን ይዞ ይወጣል። ለበዓል ዋጋው ቢከብድም ሰው እሱኑ የሚፈልገው ለዚህ ነው።

ቀስ ብሎ ማደጉን ሁሉም ያማርራል። ከዚያ የከፋው ግን ሳያድግ የሚያልቀው ነው። አሥር ጫጩት የፈለፈለች ዶሮ ሁለት ወር ሳይሞላ አራት አምስት አስከትላ ስትዞር ማየት በየግቢው የተለመደ ነው። ሌላው ለጭልፊት፣ ለብርድ፣ ለረሃብና ፈንግል ለሚባለው የዶሮ በሽታ ሄዷል። ስምንተኛውን ሳምንት ያለፈ ዶሮ በአብዛኛው ራሱን ይችላል፤ ስለዚህ ድካማችሁንም ገንዘባችሁንም እዚያው መጀመሪያ ላይ አውሉት። መፈልፈያ ማሽንና ማሞቂያ አምፖል አያስፈልግም። እናቲቱ መፈልፈያም ማሞቂያም ናት፤ መብራት ሲጠፋም ሥራዋን አታቆምም። የእናንተ ድርሻ እሷ ብቻዋን የማትችለውን ማገዝ ነው።

መታቀፍ የፈለገች ዶሮ በምልክቷ ትታወቃለች። ጎጆዋ ላይ ማምሸት ትጀምራለች፣ እጅ ሲቀርብ ላባዋን ነፍታ ትቆጣለች፣ ደረቷን ትነጫለች፣ ብታነሷትም ተመልሳ እዚያው ትተኛለች። በዚያው ቀን ጥሩ እንቁላል አትስጧት። ሁለት ቀን ያህል ሁለት ሦስት ተራ እንቁላል አስታቅፋችሁ ሞክሯት፤ ሳትነሣ ከከረመች የተመረጠውን እንቁላል ሌሊት ቀይሩላት። በቀን ከቀየራችሁ ጎጆዋን ጥላ የምትሄድ አለች።

የሚታቀፈው እንቁላል ከተጣለ ሳምንት ባይሞላው ይሻላል፤ ከአሥር ቀን ካለፈ የመፈልፈል ዕድሉ በየቀኑ ይቀንሳል። እስኪጠራቀም ድረስ ፉርሽካ ባለበት ዕቃ ውስጥ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ፣ ከምድጃ ርቆ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ፍሪጅ አይሆንም። አታጥቡት፤ ላዩ ላይ ያለው ስስ ልባስ ሲታጠብ ይነሣና ጀርም በቀዳዳዎቹ ይገባል። ብዙ ሰው እንቁላሉን ውኃ ውስጥ ከትቶ የሚሰምጠውን ይመርጣል። ያ የሚለየው ትኩሱን ከቆየው ነው እንጂ አውራ ያገኘውን ካላገኘው አይደለም፤ እግረ መንገዱንም ያርሰዋል። እንዲፈለፈል ከተፈለገ ዋስትናው ከስምንት እስከ አሥር ለሚሆኑ ሴቶች አንድ ጤነኛ አውራ መኖሩ ነው።

ለአንዲት የሐበሻ ዶሮ ከ10 እስከ 12 የራሷን ዓይነት እንቁላል፣ ትልልቅ የዲቃላ እንቁላል ከሆነ 8 ወይም 9 ይበቃል። ከዚያ ሲበዛ ክንፏ ያልደረሰው እንቁላል ይበርደዋል፤ እሷ ደግሞ ሁልጊዜ ስለምታገላብጠው ያው አንዱ ብቻ ሳይሆን ሁሉም በየተራው ይበርደዋል። ስለዚህ 15 አስታቅፎ 6 ማግኘት፣ 11 አስታቅፎ 9 ከማግኘት ያነሰ ነው። በእያንዳንዱ እንቁላል ላይ በእርሳስ መስመር አስምሩበት። ሌላ ዶሮ ገብታ ብትጥልበት መስመር የሌለውን ለይታችሁ በዚያው ቀን ታወጣላችሁ።

ጎጆው ስፋቱ 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቅርጫት ወይም የሸክላ ዕቃ ቢሆን ጥሩ ነው። ከሥሩ ሦስት ጣት አፈር፣ በላዩ ስስ አመድ፣ ከዚያ የጤፍ ጭድ አድርጋችሁ መሐሉን በክርናችሁ ተጫኑት፤ እንደ ሳህን ጎድጎድ ይበል። ጠፍጣፋ ከሆነ እንቁላሉ ወደ ጥግ ይንከባለላል፣ በጣም ከጎደጎደ እርስ በርሱ ተደራርቦ ይሰበራል። ከማስታቀፋችሁ በፊት ክንፏን ገልጣችሁ፣ ከጅራቷም ሥር፣ ቅማል ፈልጉ። 21 ቀን የምትተኛ ዶሮ ቅማል ካለባት ወይ ትነሣለች ወይ ለጫጩቶቹ ታስተላልፋለች። የተነፋ የእንጨት አመድ ላባዋ ሥር እሹላት። ፊቷና ኩክኒዋ ላይ የተጣበቀ ቁንጫ ካለ ቫዝሊን ቀቡት፤ አየር ያጣና ይወድቃል። ለእህል ወይም ለአትክልት የሚረጭ ፀረ ተባይ ግን በፍጹም አትርጩባት።

ስትታቀፍ በቀን አንድ ጊዜ፣ 15 ወይም 20 ደቂቃ ያህል ትነሣለች። እህሉንና ውኃውን ከጎጆው ሁለት ሦስት እርምጃ ራቅ አድርጉት። ከአጠገቧ ከሆነ አትነሣም፣ ጎጆዋ ላይ ትኮሳለች፤ በጣም ከራቀ ደግሞ ስትመለስ እንቁላሉ ቀዝቅዞ ይቆያታል። ሙሉ በቆሎ ወይም ስንዴ ይበቃታል። በዚህ ጊዜ ኩሷ ትልቅና ከወትሮው የባሰ የሚሸት ይሆናል፤ አይዟችሁ፣ በሽታ አይደለም።

በሰባተኛው ሌሊት የስልክ መብራት ይዛችሁ ግቡ። ክፍሉ ጨለማ ይሁን። እንቁላሉን አንድ በአንድ ከሥሯ አውጡና ወፍራም ጫፉን መብራቱ ላይ ግጠሙት። በሕይወት ያለው ከሆነ መሐል ላይ የምስር ክክ የምታህል ጥቁር ነጥብ፣ ከእሷም እንደ ሸረሪት እግር የተበተኑ ቀጫጭን ቀይ ሥሮች ታያላችሁ፤ ትንሽ ብትታገሡ ነጥቧ ስትወዛወዝም ትታያለች። ወለል ብሎ የሚያበራው አውራ ያላገኘው ነው። ሥሩ ጠፍቶ ቀይ ቀለበት ብቻ ከታየ፣ ማደግ ጀምሮ የሞተ ነውና አውጡት። የሞተ እንቁላል እስከ መጨረሻው ከቆየ ገምቶ ይፈነዳል፣ ሌላውንም ይበክላል። በ14ኛው ሌሊት አንዴ ድገሙት፤ በዚያን ጊዜ ወፍራም ጫፉ ላይ ካለው የአየር ክፍል በስተቀር ጠቅላላው ጥቁር መሆን አለበት። ሁለት ዶሮ በአንድ ቀን ካስታቀፋችሁ ይህ ምርመራ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ከሁለቱም የተረፈውን ለአንዷ አጠቃላችሁ ሌላዋን በአዲስ እንቁላል ማስጀመር ትችላላችሁ።

ከ18ኛው ቀን በኋላ እጃችሁን ሰብስቡ። በ21ኛው ቀን ገደማ ቅርፊቱ ይነቃል። ተሰንጥቆ ለሰዓታት የቆየ እንቁላል ሲያዩ ልባቸው አልችል ብሎ የሚልጡ ብዙ ናቸው። ጫጩቱ ግን በዚያ ጊዜ የአስኳሉን ቅሪት ወደ ሆዱ እያስገባ፣ ደሙንም ከቅርፊቱ እየሰበሰበ ነው፤ ሲላጥ ይደማና ይሞታል። ያው አስኳል አንድ ቀን ተኩል ያህል ያለ ምግብ ስለሚያቆየው እናቲቱ ራሷ ይዛው እስክትወጣ ድረስ ጥሬ ልስጠው ብላችሁ አትቸኩሉ።

ከወጡ በኋላ ያሉት ሦስት አራት ሳምንታት በጣም ክፉዎቹ ናቸው። ጫጩት ጠዋት ጤዛ ላይ ተከትሏት ሲሄድ ይረጥባል፣ የረጠበ ጫጩት ደግሞ ይበርደዋል፣ የበረደው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ወደ ኋላ የቀረውን ጭልፊት ይወስደዋል። ስለዚህ እናቲቱን ከነልጆቿ 1 ሜትር በ2 ሜትር፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር በሆነ፣ ሥሩ ክፍት፣ ጎኑና ላዩ ቀዳዳው ጠባብ የሽቦ መረብ በሆነ ተንቀሳቃሽ አጥር ውስጥ አውሏቸው። ግማሹን በቆርቆሮ ወይም በሣር ክደኑት፤ ፀሐይም ዝናብም መሸሻ ይሁናቸው። በየቀኑ ወደ አዲስ ሣር ግፉት። በዚያው ይጭራሉ፣ ነፍሳት ይለቅማሉ፣ ከትናንት ኩሳቸውም ይርቃሉ። ጤዛው ሳይደርቅ አታውጧቸው። ሽቦው ጭልፊትን እንጂ ሸለምጥማጥንና ድመትን አይመልስም፤ አይጥም ጫጩት ትወስዳለች። ሌሊት ከሥር ያልተሸነቆረ፣ በሩ የሚገጥም ቤት ውስጥ ይደሩ።

ውኃው በጥልቅ ዕቃ አይቀመጥ። ሳህን ላይ ጠጠር በትናችሁ በጠጠሮቹ መሐል እንዲጠጡ አድርጉ፤ ያለዚያ ወድቀው ይሰምጣሉ። ምግባቸውን ደግሞ ከእናታቸው መደበቅ አለባችሁ፤ እሷ በአንድ ጉርሻ የምትውጠው ለእነሱ የቀን ቀለብ ነው። አምስት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ያለው የቀርከሃ ቅርጫት ደፍታችሁ ምግቡን ከሥሩ አስቀምጡ። እነሱ ሾልከው ይገባሉ፣ እሷ ውጭ በቆሎዋን ትለቅማለች።

ለጫጩት 10 ኪሎ ምግብ በቤት ለማዘጋጀት 5 ኪሎ በቆሎ፣ 2 ኪሎ የተቆላ አኩሪ አተር፣ 1 ኪሎ ተኩል የኑግ ፋጉሎ፣ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ፉርሽካ፣ 270 ግራም ያህል የአጥንት ዱቄት ወይም የተፈጨ ኖራ ድንጋይ፣ 30 ግራም ጨው። ይህ 18 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል። አኩሪ አተሩ መቆላት አለበት፤ ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያደርግ ነገር ስላለው ጫጩቱ እየበላ ይከሳል። ጨውን በሚዛን እንጂ በእፍኝ አታድርጉ፤ ጫጩት ጨው አይችልም። ወጥ የነካው እንጀራም ለዚሁ ሲባል ይቅርባቸው። የሻገተ በቆሎና ፋጉሎ ለዶሮ ምግብ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ሻጋታው ጉበት ይገድላል። የአቮካዶ ቅጠልና ልጣጭም ለወፍ ዘር መርዝ ነው።

አንድ ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 10 ግራም አካባቢ፣ በስምንተኛው ሳምንት ከ35 እስከ 40 ግራም ይፈልጋል። ለአሥር ጫጩት ለስምንቱ ሳምንት 14 ኪሎ ቢያዝ በቂ ነው። ይህ ድብልቅ የተዘጋጀው ሲጭር ለሚውል ጫጩት መሆኑን ልብ በሉ። ቫይታሚኑን የሚያሟላው ፀሐዩ፣ የተከተፈው ጎመንና አልፋልፋ፣ የሽፈራው ቅጠሉና ትሉ ነው። ቀንና ሌሊት የተዘጋበት ጫጩት በዚህ ብቻ እግሩ ይደክማል።

ስለ ትል ከተነሣ፣ ምስጥ ባለበት አገር ከዚህ የረከሰ ፕሮቲን የለም። አሮጌ እንስራ ወይም ጣሳ ውስጥ እርጥብ ገለባና ደረቅ የከብት እበት ሙሉ፣ ውኃ እርጩበት፣ ምስጡ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ማታ ደፉት፣ ፀሐይ እንዳይመታው በጆንያ ሸፍኑት። ጠዋት ስታነሡት በምስጥ ተሞልቶ ታገኙታላችሁ፤ ጫጩቶቹ ፊት አራግፉት። ከሞተ እንስሳ ሬሳ ላይ የሚገኝ ትል ግን አንገት የሚያሽመደምድ መርዝ ይዞ ስለሚመጣ ክልክል ነው።

አሁን ወደ ፈንግል ልምጣ። በተፈጥሯዊ መንገድ ዶሮ ማርባት ማለት ያለ ክትባት ማርባት ነው የሚል ሐሳብ እየሰማን ነው። በዚህ አልስማማም። ፈንግል ቫይረስ ነው፤ ነጭ ሽንኩርትም ሎሚም በርበሬም አረቄም አያድነውም። ዶሮዋ ለመተንፈስ ትቸገራለች፣ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፣ አንገቷ ይጠመዘዛል፣ በሳምንት ውስጥ ግቢው ባዶ ይሆናል። ዋናው መከላከያ ክትባት ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ከወረዳ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ወይም ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ይገኛል። የተለመደው አካሄድ በመጀመሪያው ሳምንት ኤች ቢ ዋን የሚባለው በዓይን ጠብታ፣ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ላይ ላሶታ በውኃ፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ ገደማ መድገም ነው። ሙቀት የሚቋቋመው አይ ቱ የሚባለው ዓይነት ከተገኘ ፍሪጅ ለሌለበት ቀበሌ ይመረጣል። እናቲቱ ከመታቀፏ አንድ ወር በፊት ከተከተበች ደግሞ ለጫጩቶቿ በእንቁላሉ በኩል የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት መከላከያ ታወርሳቸዋለች።

ክትባት ተሰጥቶም ዶሮ የሚያልቀው በአብዛኛው በአሰጣጡ ነው። ላሶታ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ በፀሐይና በክሎሪን ይሞታል። ከመድኃኒት ቤት በበረዶ ያምጡት ዘንድ ፔርሙስ ይያዝ። የቧንቧ ውኃ አይሁን፤ የጉድጓድ ወይም የዝናብ ውኃ ተጠቀሙ። በሊትር 2 ግራም ያህል ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት ከጨመራችሁ የቀረውን ክሎሪን ይይዘዋል። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፣ ሳሙና አይንካው። ዶሮዎቹ ሁለት ሰዓት ውኃ ሳይጠጡ ከቆዩ በኋላ ጠዋት ስጧቸው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጨርሰው መጠጣት አለባቸው። የተረፈውን ለነገ ማቆየት ዋጋ የለውም። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ስለሆነ ከጎረቤት ጋር ተጋርታችሁ በአንድ ጠዋት ሁሉንም መከተብ ወጪውንም ይቀንሳል፣ በሽታውም ከአጥር ማዶ አይመጣም። የታመመ ዶሮ አይከተብም።

ሌላው የፈንግል መግቢያ ገበያ ነው። ለበዓል ገበያ ወጥቶ ሳይሸጥ የተመለሰ ዶሮ ከብዙ ቦታ ከመጡ ዶሮዎች ጋር ውሎ ነው የሚመለሰው። እሱንም አዲስ የተገዛውንም ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ቢቻል ሦስት፣ ለብቻው አቆዩት፤ ቀለቡንም ከሌሎቹ በኋላ ስጡት።

ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ደግሞ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ይመጣል። ክንፉን ጥሎ የሚቆዝም ጫጩትና ደም ያለበት ኩስ ካያችሁ የሚያባብሰው እርጥብ ንጣፍ ነው። ጭዱን ወይም ሰጋቱራውን ቀይሩ፣ ውኃ የሚፈስበትን ቦታ አድርቁ፣ ከእንስሳት ሐኪም አምፕሮሊየም የሚባለውን መድኃኒት ጠይቃችሁ በውኃ ስጡ። መድኃኒት የወሰደ ዶሮ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ጊዜ ሳያልፍ አይታረድ።

ስለ ቤቱ ብዙ አልልም። ለ12 አዋቂ ዶሮ 1.5 በ2 ሜትር፣ ንጣፉ አሥር ሳንቲ ሜትር፣ ቆጡ ለአንድ ዶሮ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ያለ። አየር መውጫው ከጣሪያው ሥር በሁለት ጎን ይሁን። ጎንበስ ብላችሁ ስታሸቱ ሽታው ዓይናችሁን ካቃጠለው ዶሮዎቹንም ሳንባቸውን እያቃጠለ ነው።

የማስታቀፊያውን ወር ከበዓሉ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ያዙ። ለእንቁጣጣሽ የሚደርስ አውራ በየካቲት መፈልፈል አለበት፤ ስለዚህ ጥር ላይ አስታቅፉ። በጋው ደረቅ ስለሆነ ጫጩቱም ይቀናዋል። ለፋሲካ የሚሆነው መስከረም መጨረሻና ጥቅምት የሚፈለፈለው ነው፤ ምድሩ ሁሉ ልምላሜና ነፍሳት ስለሆነ ለጫጩት ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። ለገና ሰኔ ላይ ማስፈልፈል ፈተና ነው። ክረምቱ ብርድም ጭቃም ኮክሲዲዮሲስም ይዞ ይመጣል፤ ሚያዝያ ላይ አስታቅፋችሁ ግንቦት ቢፈለፈሉ ክረምቱ ሲገባ ጠንክረው ይቆዩታል። በሐምሌና በነሐሴ መታቀፍ የፈለገችውን ዶሮ ማስቆም ይቻላል። አፍንጫዋ ላይ ላባ መሰካት፣ ዘቅዝቆ ማንጠልጠል የቆየ ልማድ ቢሆንም ግፍ ነው፣ አያስፈልግም። ከሥር አየር በሚገባበት የርብራብ ወለል ላይ፣ ጭድ በሌለበት፣ ምግብና ውኃ አቅርባችሁ ሦስት አራት ቀን አቆዩአት። ሆዷ ሲቀዘቅዝ ትተወዋለች።

በዓሉ ሲደርስ ደግሞ ብዙ ቤት አንድ ስሕተት ይሠራል። ትልቁና ቀድሞ የደረሰው አውራ ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ መጀመሪያ ይሸጣል፤ የቀረው ከሲታ ለቀጣዩ ዓመት አባት ይሆናል። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም የግቢው ዶሮ እያነሰ ይሄዳል፤ ከዚያ "የሐበሻ ዶሮ ዱሮ ቀረ" ይባላል። የሦስት ወር ሳሉ በጣም ያደገውን፣ ልጆቿን ካላስጨረሰች እናት የተወለደውን አንዱን አውራ ለዩና እግሩ ላይ ቀይ ክር እሰሩ። እሱ ገበያ አይወጣም። በየዓመቱ ደግሞ ራቅ ካለ መንደር ጤነኛ መሆኑ ከታወቀ ሰው ጋር አውራ ተለዋወጡ፤ ከእናቱና ከእህቶቹ ጋር የሚውል አውራ ጫጩቱን ያደክመዋል። ለመታረድ የተለዩትን ከሦስት ሳምንት በፊት ጀምራችሁ ማታ ማታ አንዳንድ እፍኝ ሙሉ በቆሎ ጨምሩላቸው፣ ስብ ይይዛሉ።

ከመታረዱ በፊት አሥር ሰዓት ያህል ጥሬ አይብላ፣ ውኃ ግን አይከልከል፤ ሆዱ ባዶ ከሆነ ሲበለት አይበላሽም። ለመንጨት የፈላ ውኃ አትጠቀሙ፤ ቆዳው ይቀቀልና ከላባው ጋር ይላጣል። 60 ዲግሪን ትንሽ ያለፈ፣ ጣት የማይታገሠው ግን የማይፍለቀለቅ ውኃ ውስጥ እግሩን ይዛችሁ ከሠላሳ ሴኮንድ እስከ አንድ ደቂቃ አገላብጡት። የክንፉ ትልቁ ላባ በአንድ ሳብታ ከወጣ ደርሷል። አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን አውራ አንድ ኪሎ ገደማ ሥጋ ይሰጣል። ያረጀች ዶሮ ከሆነች ለብቻዋ ቀድማ ትቀቀል፤ ከቁሌቱ ጋር እኩል አትደርስም።